ቁልፉን አልሰጥም ያልኩበት ቀን

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። ከሐይቁ ዳር ወደ ኳስ ሜዳችን ስመለስ ወንድሜ ከማል ጃርቷ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ብቻውን አልነበረም። ሦስት የቡድኑ ልጆች አብረውት ተደርድረዋል። ትራክተሩ ይጎትታቸዋል፣ እነሱ ደግሞ በአምባሰል ዜማ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። የከማል ሽርጥ ጫፍ ከብረቱ ጠርዝ በታች ወርዶ ይወዛወዛል። ከሽርጡ በታች ጥርሶቹ ይሽከረከራሉ።

ጃርት የምንላት በትራክተር የምትጎተት የሣር ሜዳ መብሻ ናት። ከሥሯ አንድ ረጅም ዘንግ አላት፤ በዘንጉ ዙሪያ ውስጣቸው ክፍት የሆነ፣ ጣት የሚያካክሉ የብረት ጥርሶች ተተክለዋል። ትራክተሩ ሲስባት ዘንጉ ይዞራል፣ ጥርሶቹ መሬት ገብተው አፈሩን እንደ ቡሽ እየመዘዙ ይጥሉታል። በቀዳዳው ውሃና አየር ይገባል። የእኛ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ከብቱም ሰዉም ለዘመናት ተመላልሶበት እንደ ድንጋይ ደድሯል። ሲዘንብ ውሃ ያቁራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሰርዶውም ሥር መስደጃ አጥቶ ይገረጣል። የሜዳው ኮሚቴ ማሽኗን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገዝቶ ሲያመጣት፣ ያን ሁሉ እሾህ ያየ ሰው ጃርት አላት። ስሟ ያው ሆኖ ቀረ።

እኔ መዲና እባላለሁ። የግብርና ምሕንድስና ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ኮሚቴው ሜዳውን እንድከባከብ ለሙከራ ሲቀጥረኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ድምፄ አልሰማ ስላለው መምህሬ ወንበሩን እየጎተተ እስከ እግሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ሱቅ ገብቼ የተሳሳተ ዕቃ ቢሰጡኝ ይዤው የምወጣ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ያን ቀን የሆነውን ስትሰሙ እምቢ ያለችው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነች እንድታውቁ ብዬ ነው።

ትራክተሩ የተገኘልን ለዚያ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ውጫሌ ለእርሻ ይፈለጋል። ስለዚህ ደቦ ተጠራ። እኔ ከዋዜማው ጀምሮ ስዘጋጅ ቆይቻለሁ። ጥርሶቹ እንዲገቡበት መሬቱ እርጥበት ይፈልጋልና ሜዳውን ውሃ አጠጣን። ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ሄጄ ድንጋይና ሽቦ ለቀምኩ። የውሃው ቧንቧ በሚያልፍበት ላይ እንጨት ተከልኩ። የቀረኝ አሸዋ ነበር። ጃርቷ ከላይዋ ክብደት የሚጫንባት የብረት መደብ አላት፤ ጥርሶቿ በደንብ እንዲሰምጡ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተጭኖ በገመድ መታሰር አለበት። አሸዋውን ሊያመጣ የተስማማው ባለጋሪ ጠዋት ስላልመጣ ልፈልገው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ስሄድም "እስክመለስ ጠብቁኝ" አልኩ። ማን እንደ ሰማኝ እንጃ።

አልጠበቁኝም። ጃርቷን ባዶዋን ጎተቷት፣ ጥርሶቿ መሬቱን ጫር ጫር አድርገው አለፉ። ያን ጊዜ አንዱ ሁላችንም የምናውቀውን መላ አመጣ። በእኛ ሰፈር የታረሰ መሬት ሲደለደል በሬዎቹ የሚጎትቱት ግንድ ላይ ሰው ይቆማል። ግንዱ ከከበደ ጓሉን ይሰብራል። "ሰው ይቀመጥባትና ትክበድ" አሉ። ከማል በረኛ ነው፣ ከቡድኑ ሁሉ እሱ ይከብዳል። መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው።

ሮጥኩ። በፊት ለፊት ሳይሆን በጎን፣ ባለትራክተሩ በሚያየኝ በኩል ሮጥኩ፣ እጄንም ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ። ባለትራክተሩ አያ ይመር ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሱልኝ። ከማል ደግሞ ከኋላ ጮኸ፦

"መዲና! ነይ ውጪ፣ ቦታ አለ!"

"ውረዱ" አልኩ። እኔ ራሴ እንኳ አልሰማሁትም።

ሜዳው ዳር ደርሰው አያ ይመር ጃርቷን ከመሬት አነሷት፣ ሞተሩንም አጠፉና ውሃ ለመጠጣት ጎንበስ አሉ። መርገጫው ላይ ወጣሁ።

"ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? እባብ አየሽ እንዴ?"

"አያ ይመር፣ አፉ ይበሉኝ" አልኩና ቁልፉን ነቀልኩት።

የውሃው ጣሳ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ዘፈኑም ቆመ። ቁልፉን በጡጫዬ ጨብጬ ወረድኩ።

"ሰው ይውረድ" አልኩ። አሁን ተሰማ።

መጀመሪያ ሳቁ። ጌታቸው የሚባለው ተከላካያችን፣ ነገር ሁሉ ጨዋታው የሆነ ልጅ፣ "በእስጢፋኖስ! ዲግሪዋ ዛሬ ገና ወጣ እኮ!" አለ። ደቦው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፊቴ ጋለ፣ ግን አልተነቃነቅኩም። ሳቁ ሲረዝምና እኔ እዚያው ስቆም ሳቁ እየሳሳ ሄደ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሸህ ኑሩ ከጥላው ተነስተው በከዘራቸው እያዘገሙ መጡ።

"ምንድን ነው እሱ? ሰው ጠርተን ሥራ እናስፈታ?"

"ሸህ ኑሩ፣ ከላይዋ ሰው ይውረድ። አሸዋ እንጭናለን። ባለጋሪውን አግኝቼዋለሁ፣ እየጫነ ነው።"

"ጋሪው እስኪመላለስ ፀሐይዋ ትጠብቀናለች? ነገ ትራክተሩ የለም። ይህን መሬት ዛሬ ካልበሳነው መቼ ልንበሳው ነው?"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ስጫ!"

አያ ይመር ከወንበራቸው ሳይወርዱ ገቡበት። አልተቆጡም። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያናግሩኝ፣ እሱ ነበር የከበደኝ። "ስሚኝ መዲና። ትራክተር ላይ ነው ያረጀሁት። መከስከሻው ላይ ሰው ጭኜ ነድቻለሁ፣ ማረሻው ላይ ጭኜ ነድቻለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ የአንድ ሰው ጥፍር አልተነቀለም። እኔን አታምኚኝም?"

"አንቱን አምናለሁ አያ ይመር። አንቱ ወደ ፊት ነው የሚያዩት። ከኋላ የሚሆነውን ያንቱ እጅ አይደርስበትም።"

"መዲዬ" አለ ከማል ከላይ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው ይስቅብናል። ስጪያቸው።"

"ሽርጥህን እየው።"

"ሽርጤ ደግሞ ምን አደረገሽ?"

ሁሉም ወደ ሽርጡ ዞረ። ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ አፈር ተለድፎበታል። ከማል ጎንበስ ብሎ አየና አራገፈው። "ጭቃ ነው። ይታጠባል" አለ። ዳግመኛ ሳቁ። እኔ ግን ያ ጭቃ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። ጥርስ ከሚነካው ቦታ እንጂ ከሌላ ሊመጣ አይችልም።

ጌታቸው ዘሎ ወረደ። "እሺ፣ እንፈተን። አንድ ጆንያ አፈር እንሙላና ከማል በተቀመጠበት ቦታ ሳናስረው እናስቀምጠው። አያ ይመር አንድ ዙር ይሂዱ። ከወደቀ መዲና አሸነፈች። ካልወደቀ ቁልፉን ታስረክባለች።"

"መርሀባ!" አለ ደቦው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥብኝ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነገር ፈለግሁ። ደግሞም ጆንያው እንደሚወድቅ እርግጠኛ ነበርኩ። "ዙሩ ሲያልቅ ቁልፉ ወደ እኔ ይመለስ" አልኩ። "ካልወደቀ በእጄ እሰጣለሁ።"

ሸህ ኑሩ ከዘራቸውን አነሱ። "በዚህ ሁሉ ጀመዓ ፊት ነው ያልሽው።"

"አዎ።"

ጆንያውን ሞሉ። ሁሉም ከጃርቷ ወረዱና የከማል ቦታ ላይ አስቀመጡት። ቁልፉን ለአያ ይመር ሰጠሁ፣ ትራክተሩ ተነሳ፣ ሰዉ ሁሉ በመስመሩ ዳር ተሰለፈ። አያ ይመር ሙያቸውን ያውቃሉ፤ በእርጋታ ነበር የነዱት። ጆንያው ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ጎል አለፈ። ወደ መሃል ሜዳው ሲጠጋ፣ መሬቱ ከሁሉ የሚጠነክርበት ነውና ጃርቷ ነጠረች። ጆንያው ወደ ፊት ተንሸራተተ። "ሄደ!" አለ አንዱ። ጠርዙ ላይ ደርሶ ግማሽ ጎኑ ተንጠለጠለ። እናንተ ሆናችሁ ብታዩት ወደቀ ትሉ ነበር። ማሽኗ እንደገና ነጠረችና ጆንያው ተመልሶ ቁጭ አለ። ጎሉን ዞሩ፣ ተመለሱ፣ በፊቴ አለፉ። አልወደቀም።

ጩኸቱ እስከ ሐይቁ ተሰማ መሰለኝ። ጌታቸው ጆንያውን አቅፎ ሳመው። "ወላሂ ይሄ ጆንያ ቡድናችን ውስጥ ይግባ! ከማልን ያስንቃል!" የክርስቲያኑ የጌታቸው ወላሂ ሁልጊዜ ያስቃል፤ ያን ጊዜም ሁሉም ሳቀ።

አያ ይመር ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ወደ እኔ መጡ። ቁልፉን በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "እንኪ። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ" አሉኝ። እጃቸውንም አልመለሱትም፤ ዘርግተው ቆሙ።



"አልሰጥም" አልኩ።

አያ ይመር ተሳስተው የሰሙ መሰላቸው። ሸህ ኑሩ ቀረብ አሉ። "ምን አልሽ?"

"አልሰጥም ሸህ ኑሩ።"

"ቃል ገብተሻል እኮ።"

"ገብቻለሁ።"

"አፈረስሽ?"

"አፈረስኩ። ስለ ቃሌ አፉ በሉኝ፣ በዚያ ጥፋተኛ ነኝ። መጀመሪያም መስማማት አልነበረብኝም። ጆንያ ሽርጥ አይለብስም። ጆንያ አይዘፍንም፣ ዳር ለቆመ ጓደኛው እጁን አያውለበልብም፣ ሲቀልድ አይገፋፋም። ጆንያው አንድ ዙር አልወደቀም። እናንተ ግን እስከ ማታ ነው የምትዞሩት። ሰው ተቀምጦ ቁልፉን አልሰጥም። ልታባርሩኝ ከሆነ አባርሩኝ።"

ይህን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ድምፄም አልተቋረጠም።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ቃል ማጠፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሽማግሌ ፊት ሲሆን ደግሞ የሰውዬውን ቤት ሁሉ ያስወቅሳል። "አደብ የላትም" የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ሌላው፣ "ለዚህ ነው ሴት ልጅ..." ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ሸህ ኑሩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ቀምተን ብንወስደውስ?" አሉ።

"ቀሙኝ።"

ጡጫዬን ወደ ኋላዬ አደረግሁ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ አንዱም አይቀማኝም። የሰውን እህት፣ ያልተዛመዱትን ሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት እጇን ጠምዝዞ የሚያስከፍት በእኛ መንደር የለም። ያ ነውር ከእኔ ነውር ይበልጣል። እዚያ ሜዳ ላይ እጄን ሊይዝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያን ደግሞ ሁሉም እኩል አሰበው። ፊቶች ሁሉ ወደ ከማል ዞሩ።

"እህትህ አይደለች?" አለው አንዱ። "ተቀበላት!"

ከማል ከሰዉ መሃል ወጣ። ሽርጡን አጠበቀና ወደ እኔ መጣ። ወንድሜን ታውቁት ቢሆን፣ ልጅ ሳለን እንኳ ጡጫዬን በሁለት ጣቱ ነበር የሚከፍተው። አጠገቤ ቆመ። ከኋላዬ ዞሮ እጄን ያዘ። ጣቶቼን የባሰ ጨበጥኩ።

"እጅሽ ይንቀጠቀጣል" አለኝ በጆሮዬ።

"አዎ።"

"ሸህ ኑሩን ፈርተሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እና ምን ፈርተሽ ነው?"

"መሃል ሜዳው ላይ ጃርቷ ስትነጥር ጆንያው የነበረበት ያንተ ቦታ ነው። ቤት ገብቼ ለእማዬ ምን እላታለሁ?"

ወደ መሃል ሜዳው አየ። እጄን እንደያዘ ቆየ። ደቦው የምንባባለውን ስለማይሰማ "ወሰደው? ወሰደው?" ይላል። ከዚያ እጁ ላላ። ለቀቀኝ። ወደ ጃርቷ ሄደና ያን ጆንያ አንስቶ መደቡ መሃል ላይ በኃይል አስቀመጠው።

"ጌታቸው" አለ ወደ ሰዉ ሳያይ። "ገመድ አምጣ።"

"ወንድሜ፣ ምን ነካህ?"

"ገመድ አምጣ አልኩህ። ሌሎቻችሁ ጆንያ ያዙና ወደ አሸዋው ውረዱ። ጋሪውን የምንጠብቀው ሸክም የማንችል ሆነን ነው? ደቦ አይደለንም?"

መጀመሪያ ማንም አልተነሳም። በኋላ ሁለቱ ተነሱ። በኋላ ሁሉም። ደቦ የመጣ ሰው ቆሞ ማየት አይወድም፤ ሥራ ካገኘ ኩርፊያውን ሸክሙ ላይ ይጭነዋል። ከሐይቁ ዳር እስከ ሜዳው በትከሻ እየተጫነ፣ በጋሪም እየተጎተተ አሸዋ መጣ። ጆንያዎቹ ተደረደሩ፣ ታሰሩ። ገመዱን እየጎተትኩ አንድ በአንድ ሞከርኩት። ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጄ ለአያ ይመር ሰጠሁ። ተቀበሉኝ እንጂ አላዩኝም። እስከ ማታ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ግን በእያንዳንዱ መዞሪያ ጃርቷን ያነሱ ነበር፣ ጥርሶቹ ውስጥ አፈር ሲጠቀጠቅም ሞተሩን አጥፍተው "አጽጂ" እንደማለት ቁልፉን ነቅለው በጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡት ነበር።

አልጨረስንም። የጠፋው ሰዓት ጠፋ፣ ፀሐይም ገባች። በሐይቁ በኩል ያለው ማዕዘን ሳይበሳ ቀረ። ሰዉ ተበታተነ። ሸህ ኑሩ ሊሄዱ ሲሉ ቆም አሉና፣ "ነገ አትምጪ" አሉኝ። "ኮሚቴው ይነጋገርበት።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ "ታዲያ በመጨረሻ ምን ደረሰ?" ትሉ ይሆናል። ምንም አልደረሰም። ማንም አልወደቀም፣ ማንም እግሩን አላጣም። እኔም ትክክል እንደነበርኩ የማሳይበት አንድ ጠባሳ እንኳ የለኝም። ያልደረሰ ነገር ምስክር የለውም። ኮሚቴው ብዙ ተከራክሮ ሥራዬ ላይ አቆየኝ፣ ግን እስከ ዛሬ በእኛ ሰፈር ቃሏን ያጠፈች ልጅ ነኝ። ያ ያልተበሳው ማዕዘን ሲዘንብ ውሃ ያቁራል፤ "የመዲና ኩሬ" ይሉታል። እንግዳ ቡድን ሲመጣ እንኳ "ከመዲና ኩሬ ተጠንቀቁ" ብለው ያስቁታል። ይበሉ። በረኛችን በሁለት እግሩ ቆሞ እዚያ ኩሬ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሳይ ስሙ ያኮራኛል።

ድፍረት አገኘሽ ወይ ለሚሉኝም፣ አላገኘሁም። ሱቅ ውስጥ አሁንም የተሳሳተ ዕቃ ይዤ እወጣለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ ሰው ሁሉ ከሳቀብኝ ተሳስቻለሁ ማለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እየተንቀጠቀጥኩም፣ እየተሳቀብኝም፣ በክርክሩ ተሸንፌም እንኳ እምቢ ማለት እንደምችል አውቃለሁ። እናንተም የምታውቁት ነገር ካለ፣ የሰው አካልና የሚዞር ብረት በሚገናኙበት ቦታ፣ ማሸነፍ አይጠበቅባችሁም። አልሰጥም ማለት ይበቃል።

አትምጪ በተባልኩበት ዓርብ ጠዋት በማለዳ ሄድኩ። ትራክተሩ ወደ ውጫሌ ሄዷል፤ ጃርቷ ብቻዋን ከሜዳው ዳር፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደግፎባት ቆማለች። ጎረቤታችን የሱቅ ታፔላ ጸሐፊው የተረፈውን ነጭ ቀለምና አንድ ብሩሽ ሰጥቶኝ ነበር። የመደቡን ጎን በጨርቅ ጠረግሁና ከሩቅ እንዲነበብ በትልልቅ ፊደል "ሰው አይቀመጥባትም" ብዬ ጻፍኩ።

ሸህ ኑሩ በመንገዱ ሲያልፉ አይተውኝ መጡ። ከኋላዬ ቆመው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበቡ።

"ይህን ማን ጻፊ አለሽ?"

"ማንም" አልኳቸው፤ ብሩሹንም ቀለሙ ውስጥ ነክሬ በሌላው ጎኗ ለመጻፍ ዞርኩ።